ቅንቅኗን ለጥንዚዛችን

በ2091 ዓ.ም. መስከረም 5 ቀን ጠዋት፣ ስም በመጥራት ላይ ሳለሁ፣ የውርጭ አምባ ተከላ ደን ኅዳር 12 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ እንደሚቆረጥ የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰኝ። ቁጥር ስድስት መቶ አርባ ላይ ነበርኩ። ደብዳቤውን አነበብኩ፣ ኪሴ ከተትኩ፣ ስድስት መቶ አርባ አንድን ጠራሁ፣ "አቤት" ብዬ መለስኩለትና ቀጠልኩ። ሥራ ሥራ ነው።

ስም መጥራት ማለት እንዲህ ነው። በደኑ ውስጥ አንድ ሺህ ሁለት መቶ አሥራ አንድ ስፕሩሶች አሉ። ስፕሩስ የአውሮፓ ጥድ ነው። እዚያ ሙቀቱ ሲጠናባቸው በ2062 ገና ችግኝ ሳሉ በስደተኝነት መጡ፤ ብርድ ያለበት ቦታ ተፈልጎ ውርጭ አምባ ላይ ሰፈሩ፤ የነዋሪነት መታወቂያም ወጣላቸው። መታወቂያ ያለው ስደተኛ በየጠዋቱ መገኘቱ ይረጋገጥ ይላል መመሪያው። ዛፍ ወዴት ይሄዳል ብሎ የሚጠይቅ አንቀጽ የለበትም። ስለዚህ ላለፉት ሃያ ሰባት ዓመታት እየዞርኩ እጠራለሁ፤ እነሱ ስለማይመልሱ "አቤት" የምለውም እኔው ነኝ። ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ጉሮሮዬ ደህና በሆነበት ቀን ሁለት ሰዓት ተኩል።

ስሜ ክሩቤል ዳግም ነው። ከስሜ እንደምትረዱት ሽማግሌ ነኝ፤ ክሩቤል የሚባል ወጣት ካየሁ ብዙ ዘመኔ ነው። ሚስት አላገባሁም፣ ልጅ የለኝም፣ እናትና አባቴ አልፈዋል። ያሉኝ እነዚህ ዛፎች ናቸው፤ እወዳቸዋለሁ፤ ይህን ስል አላፍርም። ደኑ ከተቆረጠ ወዴት እንደምመደብም ደብዳቤው ላይ ሰፍሯል፦ ከተማ፣ ቀለበት መንገድ፣ የፕላስቲክ ዛፍ አቧራ ጠራጊ፣ ደረጃ ሦስት። ጠራጊዎቹን አውቃቸዋለሁ። መሰላል ላይ ወጥተው ቅጠል በቅጠል በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላሉ፤ ጫፍ ሲደርሱ የታችኛው ቅርንጫፍ አቧራውን ለብሶ ይጠብቃቸዋል። ጡረታ የወጣ ጠራጊ እስካሁን አልሰማሁም። ፈራሁ።

የመቆረጡ ምክንያት ጥንዚዛ ነው። ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ ጥቁር ጥንዚዛ ቅርፊቱን በስቶ ይገባል፤ ከቅርፊቱ ሥር መንገድ ይቀድዳል፤ እዚያ የሚፈለፈሉት ልጆቹም ግራና ቀኝ እየበሉ ይሄዳሉ። ከውጭ የሚታየው ግንዱ ሥር የሚጠራቀመው ሽሮ የመሰለ ዱቄት ብቻ ነው። ዛፉ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ይሞታል። መመሪያው በአንድ ዛፍ እስከ አምስት አዲስ ቀዳዳ ይታገሣል። እኛ ዘንድ አሥራ አራት ደርሷል።

ይህን ቆጥራ ደብዳቤውን የጻፈችው የደን ጤና ቦርድ ተቆጣጣሪዋ በለጡ ናት። በለጡ የዘመኑ ልጅ ናት፤ ስሟም የዘመኑ ነው። ደብዳቤው በደረሰኝ ማግስት ራሷ መጣች፤ ይህም ደግነቷን ያሳያል፤ ሌሎቹ ከደብዳቤያቸው በኋላ የሚታዩት ከቆራጮቹ ጋር ነው።

"ጋሼ ክሩቤል፣ የእርስዎ ጥንዚዛ ችግሩ ብቻውን መምጣቱ ነው" አለችኝ።

"ከዚህ በላይ ስንት ሆኖ ይምጣ?"

"ደባል የለውማ።"

ደባል ያለቻት ቅንቅን ናት። ከጤፍ ፍሬ ታንሳለች፤ ስምንት እግር እንጂ ክንፍ የላትም። መንገድ መሄድ ሲያምራት ጥንዚዛ ላይ ትሳፈርና ክንፉ ሥር ትሸጎጣለች። ጥንዚዛው አዲስ ዛፍ በስቶ ሲገባ እሷም ትወርዳለች፤ ውለታውን የምትመልሰው እንቁላሎቹን በመብላት ነው። ስፕሩሶቹ ሲመጡ ኤርፖርት ላይ ታጠቡ። ቅንቅኖቹ ከእጣቢው ጋር ሄዱ፤ ጥንዚዛው ቅርፊት ሥር ተደብቆ ገባ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሃይ ባይ አጥቶ ይራባል።

"ማዶ ደን ውስጥ ግን ሞልታለች" አለች በለጡ።

ማዶ ደን ከጅረቱ ባሻገር ያለው የአገር ጥድ ነው። ማንም አልተከለውም፤ ማንም ስም አይጠራበትም። እዚያም ቅርፊት የሚበላ ጥንዚዛ አለ፤ ቅንቅንም አለች፤ እየተበላሉ ተቻችለው ይኖራሉ።

"ከዚያ ጥቂት ቢያመጡ እስከ ጥር ድረስ ቀዳዳው ከአምስት በታች ይወርዳል።"

"የሚቆረጠው ኅዳር ነው እኮ።"

"አዎ፣ ኅዳር ነው።"

"ታዲያ?"

"ታዲያ ቶሎ ይጀምሩ ማለቴ ነው" አለች። ሰማይ ሰማዩን ታያለች።

ነፍስ ያለው ነገር ከደን ወደ ደን የሚሻገረው በባለቤቱ ደን ፈቃድ ነው። በራሱ የበቀለ ደን በሕግ ሰው ነው፤ መግቢያው ላይም አፍ ተተክሎለታል። የተተከለ ደን ግን ዕቃ ነው፤ አፍ የለውም፤ በአፉ ፋንታ እኔ አለሁ። የማዶ ደን አፍ በሩ ላይ በቆመ ምሰሶ ላይ ያለ ክብ ቀዳዳ ሲሆን የሚወጣው ድምፅ የአሮጊት ነው። የአካባቢው ሰው "እሜቴ" ይላቸዋል። እሜቴ እዚህ ከመመደባቸው በፊት ሠላሳ ዓመት በወረዳው ጋብቻ ክፍል፣ በሙሽራ ወላጆች ስም ሽማግሌ የሚቀበሉ ድምፅ ነበሩ። ክፍሉ ሲዘጋ፣ ለደኑ አዲስ ድምፅ ከማሠልጠን ያሉትን ማዛወር ይሻላል ተባለ። ስለዚህ ስለ ደን የሚያውቁት ነገር የለም፤ ልጅን ስለመስጠት ግን የማያውቁት ነገር የለም።

"ማመልከቻ ልጻፍላቸው?" አልኳት።

"ቦርዱ ሦስት ጊዜ ጽፏል። 'ሴት ልጅ በወረቀት አትጠየቅም' ብለው መለሱት።" በለጡ ቦርሳዋን አነገተች። "ሽማግሌ ይላኩ፣ ጋሼ።"

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ሽማግሌ ሦስት ነው። አንደኛው ጋሽ ናታን ናቸው። በገዛ እጃቸው መሪ ይዘው አውቶቡስ የነዱ የመጨረሻው ሰው ሲሆኑ፣ ንግግር ከጀመሩ ፍሬን የላቸውም። ሁለተኛዋ እማማ ኤልዳና፣ ጡረታ የወጡ አዋላጅ፣ ወግ ዐዋቂ ናቸው። ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ የሚልከኝ ባጣ ራሴን ላክሁ። መስከረም 20 ቀን ነጭ በነጭ ለብሰን፣ ምርኩዝ ይዘን ጅረቱን ተሻገርን።

"እስቲ አንዴ ይግባኝ" አሉ እማማ ኤልዳና በመንገድ ላይ። "ይህቺ ምራት ከገባች በኋላ ምንድነው የምታደርገው?"

"የጥንዚዛውን እንቁላል ትበላለች።"

"የልጅ ልጆቻችንን?"

"እንግዲህ... በአንድ በኩል ሲታይ እንደዚያ ነው።"

እማማ ኤልዳና ቆሙ። "አርባ ዓመት ሙሉ ስንቱን አዋልጄ፣ በስተርጅናዬ ልጅ የምትበላ ምራት ልለምን?"

"ለዛፎቹ ሲባል ነው" አሉ ጋሽ ናታን።

"አንቱ ደግሞ ዝም በሉ" አሉና መንገዱን ቀጠሉ።

በሩ ላይ ስንደርስ እሜቴ "ተቀመጡ" አሉን። "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አልን፤ ሽማግሌ እንዲህ ነው የሚለው። ደግነቱ መቀመጫም አልነበረም። ጋሽ ናታን ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ከመረቁ፣ ከአመሰገኑና ስለ አንድ የድሮ አውቶቡስ ከተናገሩ በኋላ ልጃችሁን ለልጃችን አሉ።

"ልጃችሁ ማን ይባላል?"

"ጥንዚዛ ይባላል፣ እሜቴ። የውርጭ አምባ ልጅ ነው።"

"ሥራው ምንድነው?"

ጋሽ ናታን ከተወለዱ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አሉ። "እንጨት ሥራ ላይ ነው" አልኩ።

"ተቀጥሮ ነው ወይስ የራሱ?"

"የራሱ ነው። የሚኖርበትን ቤት እንኳ የሠራው በገዛ እጁ ነው።"

"በገዛ አፉ" አሉ እማማ ኤልዳና በሹክሹክታ።

"ቤቱ ስንት ክፍል ነው?"

"ቆጥረን አልዘለቅነውም" አልኩ። ይህኛው እውነት ነበር።

"ይጠጣል?"

"ሙጫ ይቀምሳል። ሲሰክር ግን አላየነውም።"

"ጥሩ። ዘመድ ላማክር" አሉ እሜቴ። "ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ።"

ስንመለስ ጋሽ ናታን ደስ ብሏቸው ነበር። "ላማክር ማለት ግማሽ እሺ ነው" አሉ። እኔም እስከ ማታ ደስ አለኝ፤ ከዚያ የቀሩትን ቀናት ቆጠርኩና ደስታዬ ሄደ። ከዱቄቱ በቀር በደኑ ውስጥ የተለወጠ ነገር አልነበረም። ዱቄቱ ጨምሯል።

ጥቅምት 4 ቀን ዘር ቆጠራ ነበር። ሙሽሮቹ እስከ ሰባት ቤት ዘመድ አለመሆናቸው መረጋገጥ አለበት። ተዘጋጅቼ ሄጃለሁ። ጥንዚዛችን በዓመት ሁለት ጊዜ ይወልዳል፤ ሰባት ቤት ሦስት ዓመት ተኩል ነው፤ የት ዛፍ ላይ ማን እንደተፈለፈለ መዝገቤ ላይ አለ። አባቱ ከቁጥር ሰማንያ፣ አያቱ ከቁጥር ሰማንያ ሁለት እያልኩ እስከ ሰባተኛው አነበብኩ። እሜቴ ረኩ። "የተዘረዘረ ቤት ነው" አሉ።

አመስግነን መሄድ የነበረብን እዚህ ላይ ነው። ነገር ግን እማማ ኤልዳና ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "እንግዲህ የእኛን ሰማችሁ፤ የእናንተን ደግሞ እንስማ" አሉ። ጥፋት አይደለም፤ ወጉ ነው፤ ሁለቱም ወገን ይቆጥራል። ችግሩ እሜቴ የቤታቸውን መዝገብ እስከዚያ ቀን ገልጠው አለማየታቸው ነበር። ቅንቅን በአሥር ቀን ለወግ ለማዕረግ የምትደርስ ፍጡር ናት፤ ሰባት ቤቷ ሰባ ቀን ነው። ቆጠራው ቶሎ ያልቃል ብለን ነበር።

"እናቷ ከሰሜኑ ጥድ ናት" ብለው ጀመሩ እሜቴ። "አባቷ..." ቆም አሉ። "አባቷ የእናቷ ወንድም ነው።"

ጋሽ ናታን ምርኩዛቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

"አያቷ ደግሞ... የአያቷም ባል ወንድሟ ነው። ቅድመ አያቷም እንደዚሁ።" ድምፃቸው እየቀነሰ ሄደ። "እስከ ሰባተኛው ድረስ ሁሉም ወንድሞቻቸውን ነው ያገቡት። ከእናታቸው ሆድ እንኳ ሳይወጡ።"

ጋሽ ናታን ዳመናውን ማየት ጀመሩ። እማማ ኤልዳና ከንፈራቸውን መጠጡ፤ መምጠጥ አልነበረባቸውም፤ በጣም ተሰማ።

"ሂዱልኝ" አሉ እሜቴ። የምሰሶው መብራት ጠፋ።

ከዚያ በኋላ ብቻዬን ሦስት ጊዜ ሄድኩ። አንኳኳሁ፣ ለመንኩ፤ አፉ አልተነፈሰም። በንዴት ለእማማ ኤልዳና ያልተባለ ነገር ተናገርኳቸው፤ አርባ ዓመት በሰው ማሕፀን ውስጥ ሲገቡ ኖረው ዛሬም ከሰው ማሕፀን አይወጡም አልኩ። ለሁለት ሳምንት ተኳረፍን። ቁጥር ሰማንያ ደረቀ። በነጋታው ስሙን ስጠራው "አቤት" ለማለት ድምፄ እንቢ አለኝ፤ "የለም" ብዬ ጻፍኩ። ዛፍ ነው፤ ግን አለቀስኩ።

ጥቅምት 24 ቀን እማማ ኤልዳና ራሳቸው መጡ። ሲያስቡ ነው የከረሙት። "ቤቱ ያፈረበት ሰው ዘንድ ንጹሕ መስሎ አይኬድም" አሉኝ። "የራስህን ነውር ይዘህ ሂድ።"

በማግስቱ ሦስታችንም በሩ ላይ ቆምን። ጋሽ ናታን ሊመርቁ አፋቸውን ሲከፍቱ እማማ ኤልዳና በምርኩዛቸው ጎሸሟቸው። እኔ ተናገርኩ።

"እሜቴ፣ ዋሽተንዎታል። ልጃችን እንጨት ሥራ ላይ አይደለም፤ እንጨት የሚጨርስ ሌባ ነው። ቤት የሚሠራው በሰው ቤት ግድግዳ ውስጥ ነው። ልጅዎንም የፈለግናት ልትወልድለት አይደለም፤ እንቁላሎቹን እንድትበላበት ነው። ካልበላችበት ኅዳር 12 ዛፎቼ ይቆረጣሉ። እኔ ከእነሱ ሌላ ማንም የለኝም።" የመጨረሻውን ልለው አላሰብኩም ነበር፤ አመለጠኝ።

ከዚያ መብራቱ ቦግ አለ።

"ባሏንስ ትበላዋለች?"

"እሱን አትነካውም። ትጋልበዋለች።"

"ወዴት?"

"ወደፈለገችው።"

"ሠላሳ ዓመት ሽማግሌ ተቀብያለሁ" አሉ እሜቴ። "የሁሉም ልጅ ጨዋ ነበር። የሁሉም ልጅ ሠራተኛ፣ መጠጥ የማይቀምስ ነበር። ልጃችን ሌባ ነው ብሎ ደጄ ላይ የቆመ ሽማግሌ ግን ዛሬ አየሁ። እኔም ልንገራችሁ። ልጄ ነፍሰ ጡር ናት። ከማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።"

ጋሽ ናታን ይህን ቀን ሲጠብቁ የኖሩ ይመስላሉ። "እሜቴ" አሉ፣ "የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። እኛ ደግሞ ክፉኛ ጨንቆናል።"

"እንግዲያው ሰጥቻችኋለሁ" አሉ።

ሙሽራይቱን ከነቤተ ዘመዷ በጫማ ካርቶን ውስጥ፣ በጥድ ቅርፊት ላይ አድርገን ጥቅምት 27 ቀን አመጣናት። ሰባት የማዶ ጥንዚዛዎች ሚዜ ሆነው አጅበዋታል፤ የአገር ጥንዚዛ የአውሮፓ ዛፍ ስለማይቀምስ ሚዜዎቹ አላሰጉንም። ካርቶኑን የያዙት እማማ ኤልዳና ነበሩ። ጅረቱ ጋ ሳንደርስ አንገታቸውን ማከክ ጀመሩ፤ ቀጥሎ እኔ፣ ቀጥሎ ጋሽ ናታን። ለካ ሰውም ትነክሳለች። "ገና ደጃፍ ሳትረግጥ አማቷን መናከስ ጀመረች" አሉ እማማ ኤልዳና። ግን ካርቶኑን አልለቀቁም። ቅርፊቱን በየቀዳዳው አፍ ላይ አስቀመጥን፤ ሙሽራይቱ ገባች።

እሜቴ የዚያኑ ዕለት ጋብቻውን ቀበሌ አስመዘገቡ፤ በሙሽራው ቤት በኩል የውርጭ አምባን ዛፎች በሙሉ አስጻፉ። ማንም አላዘዛቸውም፤ ሠላሳ ዓመት የለመደባቸው ሥራ ነው። ከማግስቱ ጀምሮም በየጠዋቱ ይደውሉልኝ ጀመር።

"ልጄ እንዴት አደረች?"

"ደህና ናት፣ እሜቴ። ወልዳለች።"

"በልታለች?"

"ሦስት እንቁላል በልታለች።"

"ጎሽ" ይላሉ። ከዚያ የእኔን ጤና ይጠይቃሉ፤ ምን እንደበላሁ፣ ብርዱ እንዴት እንደሆነ። እያከኩ እመልሳለሁ። ስልኩ እንዳያመልጠኝ ስም ጥሪውን በሁለት ሰዓት ከሩብ መጨረስ ጀመርኩ።

ኅዳር 12 ቀን በለጡ መጣች። ከኋላዋ ሁለት ቆራጭ ማሽኖች ተከትለዋታል፤ ቁመታቸው የፎቅ ቤት ያህላል፤ ሥራ እስኪጀምሩ ድረስ እጃቸውን አጣጥፈው ይቆማሉ። ቆጠረች። አሥራ አንድ።

"ወርዷል እኮ" አልኳት።

"ወርዷል። መመሪያው አምስት ነው የሚለው።" ዓይኗ ቀልቶ ነበር። "እኔ ምን ላድርግ ጋሼ?"

"አንቺማ ምን ታደርጊያለሽ" አልኩና ሄጄ ቁጥር አንድ ፊት ቆምኩ። ቆሜ ምን እንደማመጣ አላውቅም፤ ሌላ ነገር ስላልታየኝ ነው።

የመጀመሪያው ቆራጭ እጁን ዘረጋ። እንደ ወትሮው ቅጹን ጮክ ብሎ መሙላት ጀመረ። የሟች ስም፣ ቁጥር አንድ። የሟች ዕድሜ፣ ሃያ ዘጠኝ። የቅርብ ዘመድ፤ እዚህ ላይ የተተከለ ደን ሁሉ "የለም" ስለሚባል ማሽኑ በራሱ ያልፈዋል። አላለፈውም። እጁ አየር ላይ እንዳለ ቀረ።

"አማት አሉት" አለ ቆራጩ። "የአማት ፈቃድ ይቅረብ።" እጁን መልሶ አጣጠፈ።

በለጡ ቅጹን ሦስት ጊዜ አነበበች። ከዚያ ምንም ሳትለኝ ጅረቱን ተሻገረች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጫማዋ ጭቃ ለብሶ ተመለሰች።

"ምን አሉ?"

"ተቀመጪ አሉኝ፤ መቀመጫ የለም። ያለ ሽማግሌ ብቻዋን የምትመጣ ምን ዓይነት ልጅ ናት አሉኝ።" አንገቷን አከከች። "ከዚያ ዘመድ ላማክር አሉ።"

ከቀትር በኋላ ስልኬ ጮኸ። እሜቴ በዚህ ሰዓት ደውለው አያውቁም።

"ክሩቤል።"

"አቤት።"

"ዛፎቹ ይቆረጡ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ዘመድ ላማክር አልኩ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ስል የማማክረው ዘመድ ኖሮኝ አይደለም፤ ወግ ስለሆነ ነው። ሁለት ሳምንት ዝም ብዬ እጠብቅ ነበር። አሁን ግን አንተ አለኸኝ። ምን ትላለህ?"

በስድሳ አንድ ዓመቴ፣ ምን ትላለህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ትዝ አይለኝም። ቁጥር አንድን ተደግፌ ቁጭ አልኩ።

"ከባድ ጉዳይ ነው፣ እሜቴ" አልኩ። "በችኮላ የሚወሰን አይደለም።"

"እኔም እንደዚያ መስሎኛል። ስንት ጊዜ እንምከርበት?"

"እስከ ጥር" አልኩ።

ጥር 9 ቀን በለጡ ቆጠረች፤ ሦስት ሆኗል። ውሳኔው ተሻረ፤ ቆራጮቹም ሄዱ። ቦርዱ ጉዳዩ ስለተዘጋ በሁለቱ ደኖች መካከል የሚደረገው ምክክር ከዛሬ ጀምሮ እንዲቆም ደብዳቤ ጽፎልናል። እኔና እሜቴ በደብዳቤው ላይ በየጠዋቱ እየተማከርንበት ነው።